በማናልሞሽ ቤት ለቅሶ አለ

ኑረንበርግ፣ ጀርመን
ጥቅምት 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለወ/ሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ
ሚዛን ተፈሪ

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ይህን ጥያቄ ከሀገር ከወጣሁ ጀምሮ በየደብዳቤው አናት ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ፤ መልሱን ከልቤ ፈልጌ ስጽፈው ግን የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ያቆየሽ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ከጩኸቱ ወዲህ እስካሁን አልተመለሰም።

እሑድ ዕለት በስልክ ሳንነጋገር የቀረነውን ልንገርሽ። የደወልኩት ልጅሽን ህሊናን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ለማለት ነበር። አንቺ ራስሽ "ሃሎ" ስትዪ ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሳሎኔ ለቅሶ ሊደርስ በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። "አለች! አለች!" ብዬ ስጮህ ገሚሱ አበደ ብሎ ያዘኝ፣ ገሚሱ እልል አለ። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም። አንቺም አንድ ነገር ልትነግሪኝ ጀምረሽ ነበር መሰለኝ፤ በጫጫታው አልሰማሁሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ባቡር ውስጥ ሳለሁ ስልኬን ስከፍት ፎቶሽን አየሁ፤ ነጠላ አጣፍተሽ የተነሣሽውን፣ ከጎኑ የሚነድ ሻማ ተደርጎበት። ከሥሩ "በእድራችን አባል በወ/ሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ ቤት ለቅሶ አለ፤ ቀብር ነገ በስድስት ሰዓት" ይላል። ትዝታ የምትባል ሮም ያለች የቴፒ ልጅ ወስዳው "ነፍስ ይማር እትዬ" ብላበታለች። ከእሷ ሌላው፣ ከሌላው ደግሞ ሌላው ወስዶታል። እኔ ስደርስበት ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ሄድኩ።

ቤቴ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀምጬ ስለ አንቺ ጻፍኩና ፌስቡክ ላይ አወጣሁት። በሕይወቴ ያን ያህል ጽፌ አላውቅም። ከስድስት መቶ ሰው በላይ አጽናናኝ፤ ከማላውቃቸው ውስጥ ከቤሩትና ከካናዳ "አነበብን፣ አለቀስን" ያሉኝ አሉ። የሀገራችን ልጅ ወልደአማኑኤልና ባለቤቱ በየነች ቤታቸውን ዘግተው እኔ ጋ አደሩ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን አስመጡ። ቄሱም ጸሎተ ፍትሐት አድርሰውልሻል። አደራ አትሳቂ።

አሁን ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። በምትኩ "እህቴ በሕይወት አለች" ብዬ ሳወጣ የሰዉ ነገር ሌላ ሆነ። ብዙው እሰይ አለ። አንዳንዱ ግን "እርግጠኛ ነህ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ አንዱማ "ሰው ለማስለቀስ ብለህ ነው" ብሎ ሰደበኝ። ስለዚህ ላስቸግርሽ፤ ሰሞኑን የተነሣሽው ፎቶ ላኪልኝ። የድሮ አይሁን፣ የድሮ ነው ይሉኛል። ህሊናም አብራሽ ትነሣ። የእድራችሁን ጸሐፊም ምን ነክቶት እንዲህ እንዳደረገ ጠይቂልኝ።

ለህሊና፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ። እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ።

ወንድምሽ ጌታሁን


ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ ጌታሁን ወልደጻድቅ
ኑረንበርግ

ወንድምዓለም፣ ፍትሐት ከተደረገላት ሴት የሚላክ ሰላምታ በየቀኑ አይገኝምና ይህን አክብረህ ተቀበለኝ። እንደምን ሰነበትክ? ድምፅህስ ተመለሰ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡ አልወጣ ብሎ ኮረሪማውና እርዱ ሳይደርቅ እየመጣብኝ ሱቁ ውስጥ ሻግቷል። ከዚያ ሌላ ስለ ሱቅ የምለው የለኝም።

ጸሐፊውን ጠይቂልኝ ያልከውን ጠይቄያለሁ። አቶ ተረፈ ይባላል፣ መምህር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ባየ የሚባለው ጥሩምባ ነፊያችን የፊት ጥርሶቹ ከረገፉ ወዲህ ጥሩምባው አየር እያስወጣ አስቸገረውና፣ እድሩ ይዘምን ተብሎ በስብሰባ ተወሰነ። አቶ ተረፈ የፌስቡክ ገጽ ከፈተ፤ የሁላችንንም የአባልነት ፎቶ እዚያ አስገባ። ጥሩምባ ሲነፋ ምን እንደሚባል ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ "በእገሌ ቤት ለቅሶ አለ" ነው የሚባለው። የሟች ስም አይጠራም። የሚጠራው እድርተኛው ነው፣ ሰዉ የሚሄደው ወደ እሱ ቤት ነዋ! ማን እንደሞተ ደጁ ላይ ስትደርስ ትሰማለህ። አቶ ተረፈም ባየ የሚለውን እንዳለ ጻፈ፣ የእድርተኛዋን ፎቶ ለጠፈ፣ ጎኑ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ሻማ ጨመረ።

የሚዛን ሰው ቢያየው ኖሮ የሚሳሳት አልነበረም። ግን የሚዛን ሰው አላየውም። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ አቶ ተረፈ የሚያወጣው ከመሥሪያ ቤቱ መስመር ነው። እዚህ ያለነውን የጠራን ያው ባየ ነው፣ በድዱ እየነፋ። ገጹን ያያችሁት እናንተ ውጭ ያላችሁት ብቻ ናችሁ። ከእናንተ ደግሞ በስልክ ተመልሶ መጣና ቱም ከተማ ያለችው ዘመዳችን ውድነሽ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጇ ደውሎላት፣ "ማናልሞሽዬ" እያለች ደረቷን እየደቃች ግቢዬ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አየችኝ፣ ጮኸች፣ እኔኑ አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ማንን እንደምታለቅስ ጠፋት። በዚያ ሁሉ መሐል ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ አንተ ጽሑፍ ልምጣ። አጠፋሁት ብለሃል፤ ህሊና ግን ሳታጠፋው በፊት ቴፒ ከዩኒቨርሲቲ ግቢያቸው ዋይፋይ አውጥታ አትማ አምጥታልኛለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጌታሁን፣ ደስ አለኝ፤ አልቅሻለሁም። ለእኔ ስትጽፍ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለህ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ብለኸኝ አታውቅም። ለስድስት መቶ ሰው ያልከውን ለእኔ ለአንዷ ማለት ምኑ ይከብዳል?

ግን ጌጫ ሳለን የሳንባ ምች ይዞህ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ "እህቴ አዝላኝ ተሻገረች፣ ውኃው ደረቷ ላይ ደርሶ ነበር" ብለሃል። ያንን ወንዝ እኔ አልተሻገርኩም። ያን ዕለት ከአባባ ጋር ቤት ነበርኩ። ማን እንዳዘለህ ታውቃለህ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ያልከውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ስትሄድ ኮት አውልቆ ያለበሰህም እሱ ነው፤ እኔ የሴት ኮት እንኳ አልነበረኝም። የራሴን ብቻ ለይቼ ብወስድ፣ ሽሮዋ ይጣፍጣል የሚለውና ቁጡ ነበረች የሚለው ይተርፈኛል።

ጋሼ ኃይለሚካኤል የአባባን ቡና ነቅሎ ጫት ተከለ ብለህ አሥራ አምስት ዓመት የታላቅ ወንድምህን ስም አልጠራህም። ያን ጊዜ ቡና የለቃሚውን ዋጋ እንኳ አልመልስ ብሎ ከነዛፉ የደረቀበት ዘመን ነው፤ ሰው ሁሉ ነቀለ። ጋሼ ጥቂት ቆይቶ ጫቱን ነቅሎ ቡናውን መልሶ እንደተከለ ጽፌልህ ነበር። አለፍከው። ባለፈው ክረምት አመመው፣ ከቴፒ አምጥቼ እኔ ቤት አስተኛሁት አልኩህ። መልስህ ስለ ህሊና ትምህርት ነበር።

ፎቶ አልልክልህም። ያላመነ ሰው ሳያምን ይቅር። በስልክ ጀምሬልህ የነበረው ነገርም ስለተቆረጠ ደስ ብሎኛል፤ በስልክ የሚባል አልነበረም። ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቀኝ። በደብዳቤህ ከአናቱ እስከ ግርጌው ፈልጌ አጣሁት። ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር ጌታሁን። ቀብርም ነበር።

መድኃኔዓለም ካለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ ማናልሞሽ


ኑረንበርግ
ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለወ/ሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ

እትዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ፤ ጥምቀቱንም በሰላም ያውልሽ። ጉልበትሽን አትርሺው፣ በጠዋት ብርድ ሱቅ አትክፈቺ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ ይህን ብዬ ብተወው ይሻላል።

ድንኳኑ የማን እንደሆነ አለመጠየቄ ነውር ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺን በሕይወት ሳገኝ ሌላው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ጌጫ ያሉት የባልሽ አክስት እማሆይ ወለተሥላሴ ይሆናሉ ብዬ ገመትኩ። ዕድሜ ጠግበዋል፣ ዓይናቸውም ደክሞ ነበር ብለሽኛል። ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ስለ ወንዙ ያልሽው ልክ ነው። ያዘለኝ ማን እንደሆነ አልረሳሁም፤ የሸሚዙ ጠረን ሳይቀር አሁንም ይሸተኛል። ግን ያ ሁሉ ሰው በሚያነበው ላይ የቤት ጣጣ አይወጣም። ያን ሰው ባነሣ "የት ነው ያለው? ለምን አብሮህ አይታይም?" ይሉኛል። ስለዚህ ሁሉንም ለአንቺ አደረግሁት። ለሞተ ሰው ትንሽ ቢጨመርለት ማን ይጎዳል አልኩ። ለምን ለእኔ አትልም ላልሽው ደግሞ፣ እትዬ፣ በሕይወት ላለ ሰው እንዲያ አይባልም። ያሳፍራል። አሁን እንኳ ያንን ወረቀት ይዘሽ እያነበብሽ ነው ብዬ ሳስብ ፊቴ ይግላል። ሞተሻል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስለ ቡናው ግን አልዋሽሽም፣ ከልቤ አልወጣም። ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ አባባ ከዚያ ዋንዛ ጥላ ሥር ቆመው ከቡናቸው መሐል የተነሡት ፎቶ ነው። ፌስቡክ ላይ ሳወጣው ሰዉ "ቦታው አሁንም አለ?" ይለኛል፤ "አለ" እላለሁ። መልሶ ተክሎታል ብለሽ ጽፈሽልኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለምን እንዳለፍኩት እኔም አላውቅም።

አልታረቅም ግን አላልኩም። ታላቅ ነውና እሱ ይጀምር። ህሊና ቁጥሬ አላት። ዳታም ተለቀቀ ሲሉ ሰማሁ፤ በፈለገው መንገድ ይደውል። ለፋሲካ ቢደውልልኝ አነሣለሁ። ይህን ንገሪውና ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

ፎቶው ከቀረ ይቅር፤ ሰዉም ረስቶታል። የሰላም ዓመት ያድርግልሽ።

ወንድምሽ ጌታሁን


ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ወልደአማኑኤል
ኑረንበርግ

ፊትዎን አይቼ ባላውቅም ለእኔ ብለው ቤትዎን ዘግተው ስላለቀሱልኝ ዘመዴ ሆነዋልና በዘመድ ሰላምታ እንደምን አሉ እላለሁ። ለባለቤትዎ ለወ/ሮ በየነችም እንዲሁ። ያለቀሱበትን እንባ እግዚአብሔር በደስታ ይመልስላችሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደዚያ የምትሄድ የሀገር ልጅ ስላገኘሁ በእጅዎ እንድታደርስልኝ ሰጥቻታለሁ።

የማስቸግርዎት ነገር ከባድ ነው። ታላቅ ወንድማችን ኃይለሚካኤል ወልደጻድቅ ጥቅምት 25 ቀን ንጋት ላይ እኔ ቤት ዐረፈ። ጉበቱን ነበር የታመመው፤ ጅማ ወስደነው መልሰውልናል። ቴፒ ቤቱ ውስጥ የሚያስታምመው ስላልነበረ ነው ወደ እኔ ያመጣሁት፤ እድርተኛዋ እኔ ስለሆንኩ ለቅሶው በስሜ ተጠራ። እናንተ ለእኔ ያለቀሳችሁበት ቀን እኔ እሱን እያለቀስኩ ነበር።

ጌታሁን እስከ ዛሬ አያውቅም። መርዶ በወረቀት አይላክም። ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ አንብቦ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ሮም ያለችው ትዝታም ኋላ ሰምታለች፤ ዝም በዪ ብያት ዝም ብላለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ድንኳኑ የማን ነበር ብሎ እንዲጠይቀኝ ብዬ ጠብቄው ነበር፤ ቢጠይቀኝ ያን ጊዜውኑ ወደ እርስዎ እጽፍ ነበር። ሲጠይቅ የባሌን አክስት ገደላቸው። እማሆይ ዛሬም ጌጫ ተቀምጠው ይቆጣሉ። አሁን ደግሞ ጋሼ ለፋሲካ ይደውልልኝ ብሎ ጻፈልኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ንገሩልኝ።

አደራዎን፣ ሥራ በማይገባበት በእሑድ ይሁን፣ ሲነጋጋ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ቄሱንና ሁለት ትልልቅ ሰው ይያዙ፣ ወ/ሮ በየነችም ትኑር፣ ሴት ያለበት ለቅሶ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ስልኩን ከእጁ ተቀበሉት። እያለቀሰ እንዲጽፍ አልፈልግም። እንባው ሳይወጣለት ከየሀገሩ አጽናንተው ይጨርሱታል፤ ማታ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል፣ እሱ ብቻውን ይቀራል። ያኛውን ጊዜ እንዴት እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ።

ሲረጋጋ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ጋሼ ተኝቶ ሳለ ህሊና ቅዳሜ ቅዳሜ ከቴፒ ስትመጣ ስልኳን ይቀበላትና የጌታሁንን ፎቶዎች ያይ ነበር፣ አንድ በአንድ። "ጸጉሩ ሄደ" ይላል። "ይህች ሹራብ ለዚያ ብርድ ትበቃዋለች?" ይለኛል፣ እኔ የማውቅ ይመስል። ከዚያ ከፎቶው ሥር ያለውን ያንን አውራ ጣት ይጫናል። በህሊና ስም ነው የሚወጣው። ልደውልልህ ስለው "እሱ ይጀምር፣ ታናሽ ነው" ይለኝ ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል ሲታክተኝ ኖሬያለሁ፤ እነሱም ሳይደዋወሉ ቀሩ።

ለልፋትዎ እግዚአብሔር ብድርዎን ይክፈልልኝ። ልጆችዎን ይባርክ።

ማናልሞሽ ወልደጻድቅ


ኑረንበርግ
መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወ/ሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አምስት ወር ሙሉ ብቻሽን ተሸክመሽው እኔ ፎቶ ላኪ እያልኩ ስነዘንዝሽ ከረምኩ። የማዝነው ለዚህም ጭምር ነው። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራም ገብቻለሁ።

እንዳዘዝሽው አድርገዋል። እሑድ በማለዳ ደወሉ ሲጮኽ ከፈትኩ፤ ወልደአማኑኤል፣ በየነች፣ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል። እንደምን አደርክ ያለኝ የለም። ወልደአማኑኤል እጁን ዘርግቶ "ስልክህን ስጠኝ" አለኝ። በዚህ ሀገር እሑድ በማለዳ አምስት ሰው ደጅ አይመጣም። ሰጠሁት። መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው፤ አሁን በእውነት ሞተች አልኩ። ስሙን ሲነግሩኝ፣ አልደብቅሽም፣ እፎይ አልኩ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ናት፤ በየነች ግን ያየችኝ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እነሱ ይንገሩሽ።

ስልኩን በየነች ሳምንት ሙሉ ቤቷ አስቀመጠችው። መጀመሪያ መጀመሪያ እጄ ኪሴን ይፈልግ ነበር። ያወጣሁት ነገር የለም፣ አላወጣምም። በስልክ ለጥቂት ሰው ነገሩልኝ። ባለፈው ሳሎኑ አልበቃ ብሎ ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ወንበሮች አብዛኞቹ ባዶ ዋሉ። አንዱ የመኪና ሾፌር ጓደኛዬ በስልክ "የአሁኑስ እርግጥ ነው?" ብሎ ወልደአማኑኤልን ጠየቀው። አልተቀየምኩትም። ያኔ ሥራውን ትቶ ከሙኒክ ድረስ መጥቶ ነበር።

የጋሼን ነገር ወልደአማኑኤል ከደብዳቤሽ ላይ አነበበልኝ። ስልኩ ሲመለስልኝ ፎቶዎቼን ወደ ኋላ እየሄድኩ አየኋቸው። እውነት ነው፣ በየሥራቸው የህሊና ስም አለ፤ በረዶ ላይ የቆምኩበትም፣ ከፋብሪካው በር የተነሣሁትም፣ ሹራቡም። እኔ ልጅቷ ሥራ ፈታ ነው ብዬ አልፍ ነበር። አንዱ ሥር "ትንሽ ከሳህ" ተብሎ ተጽፏል። "አመሰግናለሁ ህሊናዬ" ብዬ መልሻለሁ።

እትዬ፣ ስለ ጋሼ ጻፊልኝ። በመጨረሻው ወራት ምን ይበላ እንደነበር፣ ምን ይል እንደነበር፣ የት እንደተቀበረ። ቡናውስ ማን ይዞታል? ለቀማው ሲደርስ ልመጣ አስቤያለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለአንቺ ካልሆነ ለማን እነግረዋለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሊበተን ሲል ቄሱ "እስቲ ስለ ወንድምህ ንገረን፤ እኛ አናውቀውም" አሉኝ። ለቅሶ ላይ እንደሚባለው ነው። ተነሣሁ። የመጣልኝ ወንዙ ነው። ጌጫ ሳለን ታምሜ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ጋሼ አዝሎኝ ተሻገረ፣ ውኃው ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሰምተውታል፤ አንዳንዶቹም ስልካቸው ላይ አንብበውታል። በየነች ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ "ይህስ የእህትህ አልነበረም?" አለችኝ።

"አይ፣ የእሱ ነው" አልኳት።

"እሺ፣ እሺ፣ ተቀመጥ" አለችኝ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው። ማንም አላመነኝም። ስለ ፊደሉም ስለ ኮቱም ሳልናገር ተቀመጥኩ።

ወንድምሽ ጌታሁን